ዮኮሃማ ላይ የቆመው መርከብ

ይህችን ጽሑፍ ስጀምር አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ከኋላዬ አጮልቆ አየና፣ «ደግሞ የሀብታም ጉንፋን ታሪክ መጻፍ ጀመርክ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። መቼስ ከሩቁ ሲያዩት እውነት አለው። በሽርሽር መርከብ ተሳፍሮ፣ ጠዋት ማታ እየበላና እየጨፈረ ባሕር ለባሕር ሲዞር የታመመ ሰው እኛን ምን አገባን? ዳሩ ግን እኔን የሳበኝ የተንሸራሸረው ሰው አይደለም። ምግቡን ያቀረበለት፣ አንሶላውን የቀየረለት፣ በሩ ሲዘጋበት ደግሞ ትሪ ይዞ በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። የሽርሽር መርከብ ታሪክ ሲጻፍ ይሄኛው ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በሽታና መርከብ መተዋወቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1347 ከጥቁር ባሕር የተመለሱ የጀኖዋ መርከቦች ሲሲሊ ውስጥ መሲና ወደብ ሲደርሱ ወረርሽኙን ይዘው ገቡ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውሮፓ በጅምላ ሬሳ ቀበረች። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1377፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው የራጉዛ ከተማ በሽታ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ከከተማው ውጪ 30 ቀን እንዲቆይ ደነገገች። ቀኑ በኋላ 40 ሆነ። «ኳራንቲን» የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ከጣልያኖቹ «አርባ» ነው። እኛ በ2012 ዓ.ም. «ወሸባ» እያልን የተፋጀንበት ነገር እንግዲህ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው የነጋዴ ከተማ ደንብ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ንግዱም እንዳይቀርበት፣ ነፍሱም እንዳትወጣ ሲል የፈጠረው ዘዴ።

ይህን ዘዴ የናቀ ምን እንደሚደርስበት ለማየት አንዲት የእንፋሎት መርከብ ትበቃለች። ታሉን ትባላለች። ሰውም ዕቃም ትጭናለች። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1918 መጨረሻ ከኒውዚላንድ ከኦክላንድ ወደብ ተነሣች። በዚያን ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ ያ ክፉ ኢንፍሉዌንዛ ገብቶ ነበር፤ ይሁንና መርከቢቱ ንጹሕ ናት የሚል ወረቀት ይዛ ወጣች። ፊጂ ስትደርስ ተሳፋሪዎቿ እንዳይወርዱ ተደረገ። ኖቬምበር 7 ምዕራብ ሳሞአ ውስጥ አፒያ ስትደርስ ግን የታመሙት ሳይቀሩ ወረዱ። ደሴቲቱን ከጀርመኖች ተረክቦ የሚገዛት የኒውዚላንድ ወታደራዊ አስተዳደር ነበር፤ አስተዳዳሪው ኮሎኔል ሮበርት ሎጋን ይባላል። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 8,500 የሚያህል ሰው አለቀ፤ ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ ማለት ነው። ከነዚያ መካከል ብዙ አለቆችና ሽማግሌዎች ነበሩ። በአፍ የሚተላለፍ ታሪክ ባለው ሕዝብ ዘንድ ሽማግሌ ሲያልቅ አብሮት የሚቀበረው ምን ያህል እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው መንገር አያሻም።

የሚያስቆጨው ይኼኛው ነው። እዚያው አጠገብ፣ የጥቂት ሰዓት የባሕር ጉዞ ርቀት ላይ፣ አሜሪካኖች የሚገዙት የሳሞአ ክፍል አለ። የዚያኛው አስተዳዳሪ ጆን ፖየር የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ወሬውን እንደሰማ ወደቡን ዘጋ፤ የአገሬው ሰዎችም በጀልባ ተሰልፈው ዳርቻውን ጠበቁ። በዚያ ክፍል በዚያ ወረርሽኝ አንድም ሰው አልሞተም። ቋንቋው አንድ፣ ዘሩ አንድ፣ አየሩ አንድ፤ ልዩነቱ ወደቡን የዘጋው ሰው ብቻ። ሎጋን ከወዲያኛው ሳሞአ የቀረበለትን የሕክምና እርዳታ እንኳ አልተቀበለም። ሳሞአውያን ይህን አልረሱም፤ ኋላ በኒውዚላንድ አገዛዝ ላይ ማው የተባለውን ንቅናቄ ሲያነሡ ከቂማቸው አንዱ ይኸው ነበር። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2002 ነው። 84 ዓመት!

ያው ኢንፍሉዌንዛ በዚያው ሰሞን እኛም ዘንድ መጥቷል፤ የኅዳር በሽታ የምንለው ነው። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ፈጀ፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እየሰበሰበ ሲያጥን የሚነሣው ጭስ የዚያ መታሰቢያ ነው። ወደ መርከቤ ልመለስ።

ዳይመንድ ፕሪንሰስ ናጋሳኪ ላይ ተሠርቶ በ2004 ሥራ የጀመረ፣ ርዝመቱ 290 ሜትር የሆነ የሽርሽር መርከብ ነው። ባለቤቱ የአሜሪካ ኩባንያ፣ የሚያውለበልበው የእንግሊዝ ባንዲራ፣ አዛዡ ጣልያናዊ፣ የሚሠራበት ባሕር የጃፓን። እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 20 ቀን 2020 ከዮኮሃማ ሲነሣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ80 ዓመት የሆንግ ኮንግ ሰው ነበር። ሰውዬው ያስለዋል። ጃንዩዋሪ 25 ሆንግ ኮንግ ሲደርስ እንደማንኛውም መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። መርከቡ ወደ ቬትናም፣ ወደ ታይዋን፣ ወደ ኦኪናዋ ሽርሽሩን ቀጠለ። ሰውዬው ኮሮና እንዳለበት የተረጋገጠው ፌብሩዋሪ 1 ነው።

መርከቡ ፌብሩዋሪ 3 ማታ ዮኮሃማ ተመለሰ። በላዩ 3,711 ሰው ነበር፤ 2,666 መንገደኛና 1,045 ሠራተኛ። የጃፓን ሐኪሞች ወጥተው የእያንዳንዱን ሙቀት መለካት ጀመሩ። መመርመሪያው በቂ ስላልነበር አስቀድመው የመረመሩት ምልክት የታየባቸውንና ከበሽተኛው ጋር የተነካኩትን ነበር። የመጀመሪያዎቹ 31 ውጤቶች ሲመጡ 10ሩ በሽታው ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከሦስት አንድ! ፌብሩዋሪ 5 መንገደኛ ሁሉ ወደየክፍሉ እንዲገባና ለ14 ቀን እንዳይወጣ ታዘዘ።

እዚህ ላይ መርከቡ ከላይ እስከ ታች እንዴት እንደተከፋፈለ ልብ በሉልኝ። ብዙ የከፈለ በረንዳ አለው፤ ባሕሩን እያየ ይተነፍሳል። ትንሽ የከፈለ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ነው፤ መብራት ካጠፋ ቀንና ሌሊቱን አይለይም፤ በተራ ለአጭር ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ አየር እንዲቀበል ይፈቀድለታል። ከመንገደኛው ብዙው ሽማግሌና አሮጊት ስለሆነ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት እያለቀበት ተጨነቀ። አንዱ ባንዲራ ላይ መድኃኒት አጥሮናል ብሎ ጽፎ በረንዳ ላይ ሰቀለ። ይህ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ መውጣቱም ተገቢ ነው።

ከሁሉም በታች ግን ሠራተኞቹ አሉ። ከፊሊፒንስ፣ ከህንድ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው። ክፍል ይጋራሉ፣ መመገቢያ አዳራሽ ይጋራሉ፣ መታጠቢያ ይጋራሉ። መንገደኛው በየክፍሉ ሲዘጋ እነሱ አልተዘጉም፤ ቢዘጉ ያንን ሁሉ ሰው ማን ያበላል? በቀን ሦስቴ ትሪ ተሸክመው በየበሩ ይዞራሉ፣ የተበላበትን ይሰበስባሉ፣ ያጥባሉ፣ ማታ ተመልሰው ከጓደኛቸው ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። እስከ ፌብሩዋሪ 9 ድረስ በሽታው ከተገኘባቸው 20 ሠራተኞች 15ቱ ምግብ የሚያቀርቡ ነበሩ፤ ከ20ው 16ቱ የሚያድሩትም የምግብ ሠራተኞች በሚያድሩበት በሦስተኛው ወለል ላይ ነው። ከህንዳውያኑ ሠራተኞች ጥቂቶቹ ራሳቸውን በስልክ ቀርጸው አገራቸውን «ከጤነኞቹ ለዩን፣ አውጡን» ብለው ለመኑ። እንግዲህ ኳራንቲን የተባለው ነገር ለማን ነበር? በሩ የተዘጋው አንዱን ወገን ለመጠበቅ ከሆነ፣ በር ለበር የሚዞረውን ማን ይጠብቀው?

እዚህ ላይ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ እንደፈለግሁት አልሆነልኝም። በመጨረሻ በሽታው የተገኘባቸው 712 ሰዎች ናቸው፤ ከነሱም 567ቱ መንገደኞች፣ 145ቱ ሠራተኞች። በመቶኛ ሲሰላ ከመንገደኛው 21፣ ከሠራተኛው 14 ገደማ ነው። የሞቱት ከ13 አያንሱም፤ ሞቱ የበረታው በሽማግሌዎቹ ላይ ነው። ስለዚህ «ሠራተኛው ከሁሉ የበለጠ ታመመ» ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። የኔ ክርክር ሌላ ነው፤ መንገደኛው ከመታመም እንዲያመልጥ ቢያንስ አንድ ነገር ተሞከረለት። ለሠራተኛው የተሞከረው በጣም ትንሽ ነው። ወጣትነቱ ጠበቀው እንጂ ደንቡ አልጠበቀውም።

የጃፓን የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ኋላ መረጃውን ሲመረምር አብዛኛው ሰው የተያዘው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ከተዘጋ በኋላ በሽታው የተዛመተው በተለይ አንድ ክፍል በሚጋሩና በሠራተኞች መካከል ነው። በሌላ በኩል የኮቤ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኬንታሮ ኢዋታ ፌብሩዋሪ 18 ወደ መርከቡ ገብተው ያዩትን በቪዲዮ ተናገሩ። ሰውየው አፍሪካ ውስጥ ከኢቦላ፣ ቻይና ውስጥ ከሳርስ ጋር የሠሩ ሐኪም ናቸው። እዚያ ያልፈራሁትን እዚህ ፈራሁ አሉ፤ ንጹሑ ቦታና የተበከለው ቦታ አልተለየም፣ ሰው እንደልቡ ይመላለሳል አሉ። ባለሥልጣኖቹ አስተባበሉ፤ ኢዋታም ከሁለት ቀን በኋላ ቪዲዮውን አነሡት። ማን ትክክል ነበር? እኔ እንደማየው ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አንዱ ስለ መንገደኛው በር ነው የሚያወራው፣ ሌላው ስለ ኮሪደሩ። ኮሪደሩ ደግሞ የሠራተኛው መኖሪያ ነው።

ኃላፊው ማነው የሚለው ጥያቄም እስከ መጨረሻው አልጠራም። ባንዲራው የእንግሊዝ፣ ገንዘቡ የአሜሪካ፣ ወደቡ የጃፓን፤ ሦስት ባለቤት ያላት ላም እንዳይሆንባችሁ! ትርፍ ሲሆን ባለቤቱ ይታወቃል። በዚያው ወር ዌስተርዳም የምትባል ሌላ የሽርሽር መርከብ በሽታ አለባት በሚል ጥርጣሬ ብቻ አምስት ቦታ በሯን ተዘግታ ስትንከራተት ከርማ፣ በመጨረሻ የተቀበለቻት ካምቦዲያ ናት። ባለጸጎቹ ከመለሷት በኋላ ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ማርች 19 ሲድኒ ላይ ሩቢ ፕሪንሰስ ወደ 2,650 የሚጠጋ መንገደኛዋን ያለ በቂ ምርመራ አውርዳ በየቤቱ ላከች፤ ከዚያች መርከብ ጋር የተያያዘው ሞት ቢያንስ 28 ነው። ታሉን ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ወደብ ደረሰች እንበል?

ከዮኮሃማው መርከብ አወጣጡም እንደ አገባቡ በደረጃ ነበር። ፌብሩዋሪ 17 አሜሪካ ከ300 በላይ ዜጎቿን በሁለት አውሮፕላን ወሰደች፤ 14ቱ በሽታው እንዳለባቸው የታወቀው አውቶቡስ ላይ ከወጡ በኋላ ስለሆነ በላስቲክ ጋርደው አብረው በረሩ። ፌብሩዋሪ 19 ጃፓናውያኑ መንገደኞች በአውቶቡስ በባቡር ወደየቤታቸው መሄድ ጀመሩ፤ ከነሱም ውስጥ በኋላ በሽታው የተገኘባቸው አሉ። ሌሎቹም አገሮች አውሮፕላን እየላኩ የየራሳቸውን ሰው ሰበሰቡ።

ሳይንሱ ግን ከዚህ መከራ ተጠቅሟል። ሁሉም ሰው የሚታወቅበት፣ ሁሉም ሊመረመር የሚችልበት ሌላ ቦታ አልነበረም። ከታመሙት ግማሽ የሚጠጋው ሲመረመር ምንም ምልክት እንዳልነበረው የታወቀው እዚያ ነው። ሳይታመሙ ማስተላለፍ ይቻላል የሚለውን ዓለም በሚገባ እንዲያምን ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ መርከብ ሆነ። በዚያች ቁጥር ውስጥ ትሪ ተሸካሚዎቹም ተቆጥረዋል።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ካነበብኩለት በኋላ ዝም አለና፣ «እነዚያ ከአረብ አገር የተመለሱት ልጆችስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ዘንግቼው ነበር። በ2012 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱ ወገኖቻችን ለይቶ ማቆያ ሆነው የተዘጋጁት ከሌላው ሁሉ ይልቅ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ እንደኛው ዓይነት ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝተው ነው ቀን የቆጠሩት። በአውሮፕላን ከፍሎ የመጣው ደግሞ በራሱ ወጪ ሆቴል ይገባ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ ወይም ጓደኛዬ ይጻፈው፣ ከኔ የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እህቱ ከነሱ አንዷ ነበረች።

የዳይመንድ ፕሪንሰስ ሠራተኞች የራሳቸውን 14 ቀን መቁጠር የጀመሩት መንገደኛው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቡድን ቡድን እየሆኑ ወደ የብስ ወጡ። አዛዡ ጄናሮ አርማ ማርች 1 ቀን፣ ከሁሉም በኋላ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ብቻውን ወረደ። መርከቡ ባዶውን ወደቡ ላይ ቀረ፤ የጽዳት ሠራተኞችም ገቡ።