የዝሆኔ በሽታና የእግር ንጽህና አጠባበቅ በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች

በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኘው የጉና ተራራ ከባህር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተነስተው ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳሉ። በደብረ ታቦር ከተማ ዙሪያ፣ በፋርጣና በአጎራባች ወረዳዎች የሚገኘው ቀይ ሸክላማ አፈርም ከዚሁ እሳተ ገሞራ ወለድ ዐለት መፈራረስ የተገኘ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ገብስ፣ ጤፍና ድንች የሚያመርትበት ይህ አፈር በባዶ እግር ለረጅም ዓመታት ለሚረግጠው ሰው ግን የጤና ጠንቅ ሊሆን ይችላል። በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ፣ በሕክምናው አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት መነሻው ይኸው አፈር ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስያሜ እግርና አቧራ የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። ስያሜውን የሰጡት በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሠሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ዶክተር ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች በደጋማ አካባቢዎች የሚታየው ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ መሆኑን፣ በሽታው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚኖረው ሕዝብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መካከል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በሽታው በጀርም አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአፈሩ ውስጥ የሚገኙ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባሉ። ብናኞቹ በሊምፍ ሥሮች ውስጥ ሲከማቹ ሥሮቹ ይቆጣሉ፤ እየጠበቡና እየጠነከሩም ይሄዳሉ። በዚህ የተነሳ በሥሮቹ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ በእግር ላይ ይቀራል። ይህ የአንድ ቀን ወይም የአንድ ክረምት ውጤት ሳይሆን የብዙ ዓመታት ክምችት ነው።

በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ያደጉ ሰዎች ሁሉ ለምን እንደማይታመሙ ለረጅም ጊዜ ሲያነጋግር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና በወላይታ የተካሄደው የዘረመል ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት የሚቆጣጠሩ አንዳንድ ዘረመሎች ለአፈሩ የሚኖረውን ተጋላጭነት ከፍ እንደሚያደርጉ ጥናቱ አረጋግጧል። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ከታመመ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ከተጫማና እግሩ ከአፈር ንክኪ ከተጠበቀ አይታመምም። ይህ ልዩነት በገጠር ጋብቻ ጉዳይ ላይ ከባድ ትርጉም አለው። «የዘር በሽታ» የሚባለው አስተሳሰብ ጤነኛ ወጣቶችን ጭምር ከትዳር ሲያርቅ ኖሯል። በሽታውን ከእርግማን ወይም የሞተ እንስሳ ከመርገጥ ጋር ማያያዝም የተለመደ ሲሆን፣ ሕሙማን ከዕድርና ከሠርግ እንዲሸሹ፣ ልጆችም ትምህርት እንዲያቋርጡ ምክንያት ሆኗል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት 345 ወረዳዎች በሽታው የሚገኝባቸው መሆናቸውን አመልክቷል። በአገሪቱ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ከበሽታው ጋር እንደሚኖሩም ተገምቷል። በሽታው በብዛት የሚታየው ከፍተኛ ዝናብ በሚያገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ደብረ ታቦር ከተማ በ2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በዚህ ክልል የላይኛው ጠርዝ ላይ ናት። ቀደም ሲል በወላይታ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ ሕሙማን ከሥራ ጊዜያቸው 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጡ፣ ዞኑም በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር አስልቷል። ዕቅድና በጀት ለሚያዘጋጅ አካል ይህ አሃዝ ከጫማና ከሳሙና ዋጋ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ነው።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክቶች በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው። በጣቶች አካባቢ ማሳከክ፣ ሌሊት የእግር መዳፍ ማቃጠል፣ በቀን ሥራ አብጦ ሌሊት የሚጎድል እብጠት ይገኙባቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። በዚህ ደረጃ የተያዘ እብጠት ሊቀለበስ ይችላል፤ ቆይቶ ግን ቆዳው ይወፍራል፣ በላዩም እንደ ኪንታሮት ያሉ ጉብታዎች ይወጣሉ። እብጠቱ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣና አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች የሚወሰን ሲሆን፣ መጠኑ ቢለያይም ሁለቱንም እግሮች ይይዛል። በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ በአንጻሩ የሞቃታማ ቆላ በሽታ ነው፤ ከላይ ሊጀምርና ብልትንም ሊያሳብጥ ይችላል። በእግር ላይ የስሜት መደንዘዝ ካለ ሥጋ ደዌ መኖር አለመኖሩ መመርመር ይኖርበታል።

መከላከያው ጫማ ነው። ሆኖም ጫማ መኖሩና ጫማ መልበስ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው በአብዛኛው ይዘነጋል። በገጠሩ ጫማ ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለከተማ ጉዞ ተቀምጦ፣ ለእርሻና ለአረም በባዶ እግር መሄድ የቆየ ልማድ ነው። እግር ከአፈር ጋር በብዛት የሚገናኘው ግን በእርሻና በአረም ሰዓት ነው። ሸበጥና በረባሶ ከባዶ እግር ቢሻሉም ጭቃና አቧራ ያስገባሉ። ርካሹ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ እግርን የሚሸፍን ቢሆንም ስለሚያልብ በየቀኑ ታጥቦ መድረቅ ይኖርበታል። ተመራጩ በካልሲ የሚለበስ ሽፍን ጫማ ነው። እግሩ ያበጠ ሰው በገበያ የሚሸጥ ጫማ ስለማይበቃው በልክ የሚሠራለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ የተመሠረተው የዝሆኔ ሕክምናና መከላከል ማኅበር ለሕሙማን ልዩ ጫማ እያሠራ መስጠትን ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ መታጠብ ነው። በአማራው ገጠር ከመንገድ የመጣ እንግዳን፣ ከእርሻ የተመለሰ አባወራን እግር ማጠብ ነባር የአክብሮት ሥርዓት ነው። በቤተ ክርስቲያንም በጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ይፈጸማል። ስለዚህ ለኅብረተሰቡ የሚቀርበው ትምህርት አዲስ ልማድ ማስተዋወቅ ሳይሆን፣ ያለውን ልማድ በሳሙናና በየዕለቱ፣ ሕፃናትንና ሴቶችን ጨምሮ ለሁሉም እንዲሆን ማድረግ ነው። ከታጠቡ በኋላ በተለይ የጣቶችን መሐል በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ አስፈላጊ ነው፤ እርጥበት እዚያ ሲቀር ፈንገስ ይራባል፣ ቆዳው ይላጣል፣ በስንጥቁም ጀርም ይገባል። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚውሉ አርሶ አደሮች ይህ ይበልጥ ይሠራል። የተረከዝ ንቃቃትን በቫዝሊን ማለስለስም ለዚሁ ይጠቅማል።

ለታመመ ሰውም ሕክምናው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እግርን በሳሙና አጥቦ፣ የጤና ባለሙያ በሚነግረው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ አድርቆ ቅባት መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ መጠቅለል፣ ሲያርፉና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም ካልሲና ጫማ መልበስ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 700 የሚጠጉ ሕሙማንን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለውን ድንገተኛ የትኩሳትና የሕመም ጥቃት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ጥቃቱ ሲነሳ ሕመምተኛው ዕረፍት አድርጎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ወደ ጸበል የሚሄዱ ሕሙማንም የእግር እጥበቱንና ጫማውን ማቋረጥ አይገባቸውም።

ለእንክብካቤው የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በየቀበሌው ሊቀርብ የሚችል ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤት ለቤት ትምህርት የሚሰጥበት መዋቅር ስላለው ሕሙማንን ለመለየትም አመቺ ነው። አስቸጋሪው ውሃ ነው። ውሃ ከሩቅ በጀርባ በሚቀዳበት ቀበሌ በየቀኑ እግር ታጠቡ የሚለው ምክር ብዙ አይራመድም፤ የውሃ ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ካልተናበበ ትምህርቱ ብቻውን ውጤት አያመጣም። በሰሜን አፍሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በሽታው የጠፋው መድኃኒት ተገኝቶለት ሳይሆን ጫማ የሁሉም ሰው የዕለት ልብስ ሲሆን ነው።

በከተማ የሚኖረውና በቢሮ የሚውለው ሠራተኛ ጫማ ስለሚለብስ ከዝሆኔ የተጠበቀ ነው። የእግር ችግር ለእርሱ በአብዛኛው በሌላ በኩል ይመጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ስለሚቀንስ ጠጠር ሲወጋው ወይም ጫማ ሲልጠው ላይታወቀው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። በመሆኑም በየማታው የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መሐል ማየት፣ ጎንበስ ማለት ካልቻለም መስተዋት መጠቀም ወይም ቤተሰቡን ማሳየት አለበት። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስሳል፤ ጥፍሩን ቀጥ አድርጎ እንጂ በጠርዙ ጠልቆ አይቆርጥም፤ የመታጠቢያውን ውሃ ሙቀትም በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካል።