ቡሬ ለምን ተለቀቀች?

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. በኮሎኔል ናታሌ የሚታዘዘው የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ትቶ በደምበጫ መንገድ ወጣ። ምሽጉን የያዘው ጦር በሺዎች የሚቆጠር ነበር። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል ግን የሱዳን ወታደሮችና ስደተኛ ኢትዮጵያውያን የተሰለፉበት፣ ሁሉም ተደምሮ ከ2,000 ብዙም የማይዘል፣ መድፍ የሌለው ጦር ነበር። ስንቁን የጫኑለት ግመሎችም ከድንበር ወዲህ ባለው መንገድ በብዛት ወድቀው አልቀዋል። ብዙው ጥቂቱን የሸሸበትን ምክንያት የዘመቻው ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋዋል፤ ዊንጌት አታለላቸው ይላል። ሌሊት ሌሊት ከየአቅጣጫው እየተኮሰ ትንሹን ጦር ትልቅ አስመሰለው፤ ናታሌም አምኖ ሸሸ። ይህ አነጋገር ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ተጭኖበታል ብዬ አምናለሁ።

ያለፈን ነገር በግምት መናገር ነውር የለበትም። ታሪክ ጸሐፊ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ የነበረውን ሐሳብ ከግምት በቀር የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ግምት ግን ደረጃ አለው። «ሊሆን ይችላል» የሚባለው አንድን ነገር የሚከለክል ማስረጃ ሲታጣ ነው፤ «ሳይሆን አይቀርም» የሚባለው ማስረጃው ወደዚያ ሲገፋ፤ «ሊሆን አይችልም» የሚባለው ደግሞ ሌላ የተረጋገጠ ነገር መንገዱን ሲዘጋው። የቡሬን ታሪክ ያበላሸው ግምት መኖሩ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ ሳይታወቅ ወደ እርግጠኛ ነገር መሸጋገሩ ነው።

ናታሌ በዚያ ሳምንት ምን ያውቅ እንደነበር እናስብ። ሞቃዲሾ የካቲት 18 ቀን በእንግሊዝ ጦር ተይዛለች፤ በሰሜን ደግሞ ከረን ላይ ውጊያው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይነድዳል። በምዕራብ ጎጃም ያለ የጦር አዛዥ ይህን ሳይሰማ አልቀረም፤ ከሰማም የሚደርስለት ረዳት ጦር እንደሌለ ሳይገባው አልቀረም። ከሰሜኑ በኩል ጎረቤቱ የነበረው የዳንግላ ጦር ወደ ባሕር ዳር ተስቧል። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው በላያ መድረሳቸው በአገሩ ተሰምቷል። በጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በወረቀትና በድምፅ ማጉያ የባንዳውን ወታደር «ወደ ንጉሥህ ተመለስ» እያለ ይጠራል። የጣሊያን ጦር በብዛቱ የቆመው በእነዚሁ ወታደሮች ላይ ነበር። በምሽጉ ውስጥ ያለው ብዙ ጠመንጃ ነገ በማን ላይ እንደሚዞር እርግጠኛ መሆን ያልቻለ አዛዥ፣ ውጭ ያለውን ጠላት ብዛት በትክክል ቢያውቅ እንኳ ሊለቅ ይችል ነበር። የማታለሉ ታሪክ ይህን ሁሉ ዋጋ አይሰጠውም።

ከሁሉም በላይ የሚጠፋው ግን የገጠሩ ሰው ነው። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ በጎጃም የተነሣው አመፅ ጣሊያንን ከገጠሩ አውጥቶ በምሽጎቹ ውስጥ አስቀምጦታል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በምዕራብ፣ በላይ ዘለቀ በምሥራቅ፣ ልጅ ኃይሉ በለውም በበኩላቸው እየተዋጉ ከምሽጉ ውጭ ያለውን መንገድ ለጠላት አስጊ አድርገውት ቆይተዋል። ዊንጌት ከመምጣቱ በፊት፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የገባው የእንግሊዛዊው የሳንድፎርድ ልዑክ ያገኘው ጎጃም ይህ ነው። ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ እያለ የሚሄደው የምሽግ ሰንሰለት የጣሊያንን ኃይል የሚያሳይ ይመስላል፤ እኔ ግን የፍርሃቱ ካርታ አድርጌ ነው የማነበው። የሌሊት ተኩስ ብዙ ጦር የሚያስመስለው፣ ጨለማው ውስጥ ብዙ ጦር ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ጆሮ ነው። አገሩ ጸጥ ያለ ቢሆን ኖሮ፣ ከጥቂት መቶ ሰዎች የሚተኮስ ጥይት የጥቂት መቶ ሰዎች ጥይት ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህን ስል፣ የአገሬው ጀግንነት ሚዛኔን እንዳዛባው የሚጠረጥር አይጠፋም፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። የቡሬ አካባቢ አርበኞች አንድ ልብ አልነበሩም። መንገሻና ነጋሽ ራሳቸው ተቀናቃኞች ስለነበሩ በመስከረም 1933 ዓ.ም. የታረቁት በሳንድፎርድ አማላጅነት ነው። የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞ፣ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ነበር፤ ራስ ኃይሉንም ጣሊያን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሷቸው ነበር። አርበኛው መድፍ ስለሌለው ምሽግ ሰብሮ መያዝ አልቻለም፤ ጣሊያንም እነዚያን ዓመታት ሁሉ ቡሬ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ የጌዴዎን ኃይል ባይመጣ ኖሮ በዚያ የካቲት ቡሬ ባልተለቀቀች ነበር የሚለውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ነገር ግን የመጨረሻውን ግፊት የሰጠ ሁሉ ብቻውን አልጣለም። አርበኛው ያን ጊዜ ብቻውን ስላልቻለ ዊንጌት ብቻውን ቻለ ማለት አይደለም።

ከለቀቁ በኋላ የሆነው ነገርም ይመሰክራል። በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 27፣ የሸሸው ጦር ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ፣ ያኔ ወጀት ከምትባለው ከዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ በወንዝ ዳር ሰፍሮ ከነበረው የጌዴዎን ኃይል ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ድንገት ተፋጠጠ። ሻለቃው ጥቂት መቶ ሰው ነበር። ሳይመክት ቦታ አልለቀቀም፤ ብዙ ሰው ወደቀበት፤ የጣሊያን ጦር ግን ሰብሮ አለፈ። ከዚህ ሁለት ነገር አነባለሁ። ሻለቃው መንገዱን ሊቆርጥ ተልኮ ሳለ ለመከላከል በማይመች ሥፍራ ላይ መያዙ፣ ጠላት በዚያ ቀን ሙሉ ጦሩን ይዞ ይመጣል ብሎ እንዳልጠበቀ ያሳያል። የማታለሉ ባለቤቶች ማታለሉ መቼ እንደሚሠራ ካላወቁ፣ መልቀቁ በእነሱ ዕቅድ ብቻ የመጣ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው፣ የናታሌ ጦር መዋጋት አልጠፋበትም፤ ስለዚህ በባዶ ጥላ የደነገጠ ጦር አድርጎ መሣሉ ወንዙ ዳር የወደቁትን ኢትዮጵያውያን ዋጋ ያሳንሳል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ከባዱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ቡሬ በብልጠት የተገኘች ናት ከተባለ፣ የእነዚያ ሰዎች ሞት የድንገተኛ አደጋ ያህል ሆኖ ይቀራል።

የዊንጌት ደጋፊዎች በመጨረሻ የሚያመጡት ጠንካራ ማስረጃ አጊባር ነው። ናታሌን የተካው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ ካፈገፈገ በኋላ በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጅግ ለሚያንስ ጦር እጁን ሰጥቷል፤ ያን ጊዜ ዊንጌት በደብዳቤ እንዳስፈራራው የተመዘገበ ነው። እዚያ የሠራ ብልጠት ቡሬም ላይ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አልክድም። ደብዳቤው ያስፈራራበትን ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዊንጌት የጻፈው ብዙ የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነው ብሎ አልነበረም፤ እኔ እንድለቅ ታዝዣለሁ፣ ስሄድ ከራስ ካሣ አርበኞች ጋር ብቻችሁን ትቀራላችሁ ነበር ያለው።