ማቀፊያ፦ ድንጋዩ ሳያልቅ መሣሪያው ሲጠፋ

በራያ ቆላዋ ዋጃ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ቢል ባለሱቁ ጠጠር ፍለጋ አይወጣም። የሬዲዮ ድንጋይ አንስቶ ይሰጠዋል። «ባትሪ ስጠኝ» ቢለው ግን «የእጅ ነው የሞባይል?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል፤ ባትሪ በእኛ አፍ ሌሊት መንገድ የሚያሳየው መብራትም ነው፣ መኪና የሚያስነሳውም ነው፣ ስልክ ውስጥ ያለውም ነው። ድንጋዩ ስም አለው፤ መብራቱም ስም አለው። ድንጋዩ የሚተኛበት፣ ከአንድ ጫፉ ሞላ ከሌላው ጫፉ ብረት ያለበት ጎድጓዳ ቦታ ግን ስም አላገኘም። ስም ስለሌለውም የእሱ ጥፋት ሁልጊዜ ለድንጋዩ ይሰጣል። ሬዲዮው ዝም ሲል «ድንጋዩ አልቋል» እንላለን፤ አዲስ እንገዛለን፤ አሁንም ዝም ይላል።

ይህ ክፍል በእንግሊዝኛ «ባትሪ ሆልደር» ይባላል። በአማርኛ «የድንጋይ ማቀፊያ»፣ ሲያጥር «ማቀፊያ» ቢባል ይሻላል የሚል ሐሳብ እነሆ።

ሌሎች ስሞችም ይታሰባሉ። «ማኅደር» ክብር ያለው ቃል ነው፤ ነገር ግን ቢሮ ያለው ሰው የሠራተኛን ፋይል ያስብበታል። «ዝናር» ለዓይን ይስማማል፤ ድንጋዮቹ እንደ ጥይት ተሰልፈው ይታያሉ። «ቤት» ቀላል ነው። የሦስቱም ጉድለት አንድ ነው፤ የሚይዙ እንጂ የሚነኩ አይደሉም። ባዶ ቤት ቤት ነው፤ ዝናርም ጥይቱ ቢላላበት ዝናርነቱ አይቀርም። ይህ ዕቃ ግን ሥራው መያዝ ብቻ አይደለም። ሞላው ድንጋዩን ገፍቶ ከብረቱ ጋር ማጣበቅ አለበት፤ ካላጣበቀ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ካላቀፈ ማቀፊያ አይደለም። ስሙ ራሱ ሕመሙን ይናገራል፦ «እቅፉ ላልቷል»።

በመያዝና በማቀፍ መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በብረት መፈለጊያ ላይ ነው። በባንክና በሆቴል ደጅ ጠባቂው በሰው ወገብ ዙሪያ የሚያዞረው መፈተሻ፣ ወርቅ ፈላጊው በአሸዋ ላይ የሚያወዛውዘው ዘንግ፣ ፈንጂ አምካኙ በማሳ ላይ የሚይዘው መሣሪያ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጥቅል ሽቦው መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል፤ መሣሪያው ያንን ምላሽ ሰምቶ ይጮኻል። ምላሹ እጅግ ደካማ ስለሆነ የድንጋዩ ኃይል ጥቂት ቢዋዥቅ እንኳ ይናጋል። ሬዲዮ ድንጋዩ ለቅጽበት ቢላላበት ድምፁ ይቆራረጣል እንጂ ጉዳት የለውም። መፈለጊያ ግን ድንጋዩ በተነቃነቀ ቁጥር ብረት ሳይኖር ሊጮኽ ይችላል፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ኃይሉ ሲያንስ ብረት እያለ ዝም ማለቱ ነው።

ይህ ለራያ ቆላ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ነሐሴ 18 ቀን 2014 በቆቦ ዙሪያ የሰሜኑ ጦርነት ዳግም ተቀሰቀሰ፤ ጦርነቱን ለማቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ጦር ባለፈበት ማሳ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፈንጂ አምካኝ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን ጠባዩ በታወቀ ብረት ይሞክራል፤ በሥራው መሐልም ይደግማል። ገበሬ፣ እረኛ ወይም ወርቅ ፈላጊ ግን መሣሪያ ቢኖረው እንኳ የጠረጠረውን ነገር መቅረብም መንካትም የለበትም፤ ቦታውን አስታውሶ፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለሚመለከተው አካል መንገር ነው ድርሻው።

የማቀፊያ ጥፋት እንዴት ይለያል? የመጀመሪያው መንገድ ጆሮ ነው። መሣሪያውን ከብረት አርቆ፣ ሳያወዛውዙ ይዞ፣ የድንጋዩን ክዳን በጣት መታ መታ ማድረግ። በዚያ ቢጮኽ ወይም ቢጠፋ ጥርጣሬው ማቀፊያው ላይ ይውደቅ።

ሁለተኛው ቴስተር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራት አዲስ ድንጋዮች እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 6 ቮልት ይሰጣሉ። መሣሪያው ጠፍቶ ቢለካ ማቀፊያው የዛገ ቢሆንም 6 ሊነበብ ይችላል። ምክንያቱ ከኬላ ጋር ይመሳሰላል፤ ኬላ የሚያስከፍለው ጭነት ሲያልፍ ነው። የዛገ ብረትም ከኤሌክትሪኩ የሚቀንሰው ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበት ነው። አራት ድንጋይ ስምንት ጫፍ አለው። እያንዳንዱ ጫፍ በዝገት ምክንያት ግማሽ ኦም ቢያግድ በድምሩ 4 ኦም ይሆናል፤ 0.2 አምፔር ሲያልፍ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው በርቶ፣ ማቀፊያው ወደ ውስጥ በሚልከው ሽቦ ላይ ይለካ። 5.2 ከተነበበና ድንጋዮቹ ራሳቸው፣ መሣሪያው እንደበራ አንድ በአንድ ሲለኩ 1.5 ካሉ፣ የጎደለውን የበላው ማቀፊያው ነው። እንደገና የሚሞሉት ድንጋዮች ግን ሲፈጠሩም 1.2 ቮልት ስለሆኑ አራቱ 4.8 ቢሰጡ ጥፋት አይደለም።

ዝገቱ ከየት ይመጣል? ከድንጋዩ ሆድ። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ሲያፈስ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ሞላውንም ይበላል። ተራው የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ደግሞ ቆርቆሮው ሲሳሳ ኮምጠጥ ያለ እርጥበት ያፈሳል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃል፤ ግን በቆላ ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ወደ ማቀፊያው ሲመለስ መፍሰሱ ቅርብ ነው። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አደባልቆ መጨመርም እንዲሁ፤ አዲሶቹ ደካማውን እየገፉ ያፈስሱታል።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ድንጋዮቹን አውጥቶ፣ ነጩን ዱቄት በእጅ ሳይነኩ በአቼቶ ወይም በሎሚ በረጠበ ጥጥ መጥረግ፤ ኮምጣጣው የአልካላይኑን ቅሪት ያረግበዋል። የተራው ድንጋይ እርጥበት ግን ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ አቼቶ አይጠቅመውም፤ በውኃ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ብረቱን በላጲስ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሸት፣ የተረገጠውን ሞላ ሳብ አድርጎ ማስነሳት። ሽቦው ከሞላው ጋር የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቆ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ሽፋኑ ተልጦ ብረቱ የተበላ ሞላ ካለው ግን ማቀፊያው ቢቀየር ይሻላል። ሥራ ካለቀ በኋላ ድንጋይን አውጥቶ ማስቀመጥ ከሁሉም የረከሰ ጥገና ነው።

ደግሞ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት አጥፈው ከሞላው ሥር ያስገቡ ነበር፤ ክዳኑንም በላስቲክ ያስሩት ነበር። አላዋቂነት አልነበረም። ወረቀቱ የላላውን እቅፍ ያጠብቃል፤ ላስቲኩ የሞላውን ጉልበት ይደግፋል። የማቀፊያ ሐኪሞች ነበሩ፤ የጎደላቸው ስሙ ብቻ ነበር። ብልሃቱ ለሬዲዮ ይሠራል። ለመፈለጊያ ግን ወረቀቱ ሲንሸራተት ጫፎቹን ሊያገናኝ ስለሚችል አይታመንም።

እንግዲህ ቃሉ በአረፍተ ነገር ሲገባ እንዲህ ይሆናል፦ «ሌላ ድንጋይ አትግዛ፤ ያለህ ደህና ነው። ማቀፊያውን ጥረገውና ሞከር አድርገው።»