እህል ወደ ሰው ወይስ ሰው ወደ እህል

በአዲስ አበባ ምዕራብ በቀራንዮ የሚገኘው የመድኃኔ ዓለም ደብር ከከተማይቱ ይልቅ በዕድሜ የቀደመ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን ደብሩ የተተከለው ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ስለ እኒህ ንጉሥ ከሚነገረው ሁሉ አንዱን እዚህ ማንሣት ይገባል፤ ይኸውም በ1820ዎቹ ዓመታት ድርቅ ሸዋን መትቶ ከብት ባለቀ ጊዜ፣ የመንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው ለተራበው ሕዝብ እህል ማደላቸው ነው። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከጎተራው ደጅ ለመድረስ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበትን ደግሞ ረኀብ ከሁሉ አስቀድሞ ይነጥቃል።

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት ዕልቂት ባስከተለው በክፉ ቀንም የሆነው ይኸው ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር በሬ ላለቀበት ገበሬ አብነት ሆኑ፤ በእንጦጦም የተራበውን መገቡ። ይሁን እንጂ በሩቅ ቆላና በተራራ ላይ የነበረው ሕዝብ ወደ እንጦጦ ሲጓዝ ከመንገድ የቀረው ብዙ ነው።

የዚህ ችግር ምክንያት ከአገራችን አቀማመጥ ይመነጫል። ደጋው በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ ነው። የደብረ ዳሞ መነኮሳት ዛሬም ቢሆን የሚበሉትን እህል በጠፍር ገመድ ወደ አምባው ይስቡታል። ገዳሙ እንዲህ ከሆነ፣ ከመኪና መንገድ የሁለትና የሦስት ቀን ጉዞ ርቆ የሚኖረው ገበሬ እንደምን ይሆን?

ጥያቄው በ1977 ዓ.ም. እጅግ ከፍቶ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮረምን መጠለያ ባሳየ ጊዜ ዓለም ደነገጠ። እርዳታውም መጣ፤ ነገር ግን ክምችቱ በወደብና በመንገድ ዳር ስለ ነበረ፣ ገበሬው ቤቱን ዘግቶ ወደ እህሉ ወረደ። በመጠለያው መጨናነቅ ኩፍኝና ታይፈስ ገቡ፤ ከረኀብ ያመለጠውን በሽታ ገደለው። እህል ሊቀበል ከወጣውም መካከል ሳይወድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሠፈራ የተጫነ ነበር፤ ስለዚህ ሌላው ፈርቶ በመንደሩ መራብን መረጠ።

በዚህ ጊዜ እህሉን ወደ ሰው የማድረስ ሥራ ተጀመረ። በጥር ወር የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች በተራራው ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያዎችን ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ጀመር። አንዱ ጆንያ ቢቀደድ እህሉ እንዳይፈስ በላዩ ሌላ ይደረብበታል። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀድመው ሜዳውን ይመርጡና ምልክት ያደርጉ ነበር። በአውሮፓ በሁለት ጎራ ተፋጥጠው የነበሩ ወታደሮች በኢትዮጵያ ተራራ ላይ አንድ ሥራ ሠሩ። የእንግሊዝ አየር ኃይል ብቻ እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. በአየር ያጓጓዘውና የጣለው እርዳታ ከ30,000 ቶን በላይ ነው። ጦርነት በነበረበት በትግራይና በኤርትራ ገጠር ግን እህሉ ከሱዳን ድንበር በጭነት መኪና በሌሊት ይገባ ነበር፤ ቀን ከተጓዘ የአውሮፕላን ድብደባ ያገኘዋልና።

አውሮፕላኑ ሥራውን ከፈጸመ በኋላም የቀረ መንገድ ነበረ። ከተጣለበት ሜዳ እስከ ጎጆው ድረስ እህሉን ያደረሱት አህያና የሰው ትከሻ ናቸው። ትርፉም ሆድ መሙላት ብቻ አልነበረም፤ በአገሩ የቀረ ገበሬ ዝናብ በጣለ ጊዜ የሚዘራበት ማሳ ከፊቱ አለ። የተሰደደው ግን ቢድንም እንኳ ዘሩንና የእርሻ ጊዜውን አጥቶ ይመለሳል፤ የሚመጣውም ዓመት እንደ ገና የረኀብ ዓመት ይሆንበታል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ገበሬው በቀበሌው ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ እንዲያገኝ ማድረጉ ከዚህ ትምህርት የተገኘ ነው።

ስለዚህ እርዳታን የምንመዝነው በመጋዘን በተከማቸው ኩንታል ብዛት ብቻ መሆን የለበትም። የተራበው ሰው እህሉን ለማግኘት ስንት እርምጃ ተራመደ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እርምጃው ባጠረ ቁጥር በሕይወት የሚተርፈው ይበዛልና።