የእመቃ ጉድለትና የአሮጌው ቮልስዋገን ታሪክ

አሮጌ ሞተር ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ብዙ ባለሙያ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» የሚል ነው። ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ባለንብረቱን ለከንቱ ወጪ፣ ሙያችንንም ለሐሜት የሚዳርግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሞተር ከመፈታቱ በፊት ታሪኩ መመርመር እንደሚገባው ለማስረዳት፣ መኝታ የተገጠመለት የቮልስዋገን መኪና ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

የዚህ መኪና መነሻ ሆላንዳዊው አስመጪ ቤን ፖን እ.ኤ.አ. በ1947 በማስታወሻ ደብተሩ የነደፈው ሥዕል ነው። ፋብሪካው በ1950 ማምረት ጀመረ፤ ዌስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ኩባንያም ከ1951 አንሥቶ አልጋና ቁም ሣጥን እየገጠመ የመንገደኛ ማደሪያ አደረገው። ሞተሩ ግን ለትንሿ ቮልስዋገን የተሠራው፣ በአየር የሚቀዘቅዘውና አራት ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙት ነበረ። የመጀመሪያው ኃይል 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ጎጆ ተሸክሞ ዳገት እንዲወጣ ለተፈረደበት ለዚህ ሞተር ሙቀት ዋና ጠላቱ ሆነ።

ከዚህም በላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3ኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ተተክሎ ነበር። ስለዚህ 3ኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ስፍራ ያወጣው በ1971 ሞዴል ነው።

እንግዲህ ምርመራው በቅደም ተከተል ይሁን። በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት ይለካል፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ በሚገባ ስለማይዘጋ እመቃው ያመልጣል። ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የእሳቱ መስመር ተቋርጦና ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በሞተሪኖ እየዞረ እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል።

በሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ለቆመ ሞተር የሚረዳ ልማድ ነው። በተጋደመው ግን ዘይቱ በታችኛው ጎን ስለሚተኛ ፋሻውን ዙሪያውን አይደፍነውም፤ ውጤቱም ያሳስታል። የሚሻለው ሁለቱ ቫልቮች በተዘጉበት ነጥብ ላይ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ማስገባት ነው። ፉጨቱ በማርሚታ ከተሰማ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በካርቡራተር ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከበረታ ፋሻው ነው።

ጥፋቱ የ3ኛው ቫልቭ ሆኖ ከተገኘ፣ ቫልቩ ተሰብሮ ፒስተኑን ከመምታቱ በፊት ቴስታታውን ማደስ ይበቃ ይሆናል። በጥቂት ደቂቃ ልኬት የሚታወቀውን በግምት መወሰን የባለሙያ ተግባር አይደለም።