ከመደርደሪያ ወደ ሶፍትዌር

ኤዲተሮቻችን፣ ይቺን ታሪክ ታውቋታላችሁ?

የዚጋ ቬርቶቭ ድምፅ አልባ ፊልም «የፊልም ካሜራ የያዘው ሰው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ኤዲተሯና ባለቤቱ ኤሊዛቬታ ስቪሎቫ ራሷ እዚያ ውስጥ ትታያለች። ጥቅልሎቹ በመደርደሪያ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ እሷ ታነሳለች፣ በዓይኗ ትመረምራለች፣ ትቆርጣለች።

በ2011 የወጣው ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ ልየታውን ለማሽን ሰጠው። ካዘዛችሁት ቪዲዮውን ይፈትሻል፦ ስንት ሰው አለበት? ቅርብ ነው ሩቅ? ከዚያ በየፈርጁ ይመድብላችኋል።

ጊዜ ይቆጥባል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ስቪሎቫ ለመለየት እያንዳንዷን ቁራጭ ማየት ነበረባት። ማሽኑ «አንድ ሰው፣ ቅርብ» ብሎ ያልፋል፤ ሰውዬው እንባውን እየዋጠ መሆኑን አይነግራችሁም። ስለዚህ ልጆቼ፣ ማሽኑ ይለይላችሁ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሁሉንም እዩት።