ዘፈኑ የማን ነው?

በ2016 ዓ.ም ኅዳር መጨረሻ ዳንግላ ነበርኩ። የሞባይል ዳታ በክልሉ ከተዘጋ አራት ወር ሆኖታል። ቴሌግራም የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ወሬ የሚመጣው በስልክ ጥሪና በመንገደኛ ነው። አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ነው። ዳታ አይፈልግማ! አሮጌ የፊፋ ዲስክ፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ተሸናፊ ይከፍላል። የገረመኝ ኳሱ አይደለም። ልጆቹ ቡድን ሲመርጡ ከጀርባ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ዘፈን አብረው ያንጎራጉራሉ። ቃሉን አያውቁትም፣ ዘፋኙንም አያውቁትም፤ ዜማው ግን ሳይዛነፍ አፋቸው ላይ አለ።

በዚያው ሰሞን፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በሚከበርበት በኅዳር 29፣ አቤል ተስፋዬ (ዓለም ዘ ዊክንድ የሚለው) ፎርትናይት የተባለው ጌም ውስጥ ገባ። ፎርትናይት ፌስቲቫል የሚባለው የሙዚቃ ክፍል ሲከፈት የመጀመሪያው ኮከብ እሱ ነበር። መልኩና ልብሱ ለሽያጭ ቀረበ፤ የገዛ ሰው አቤልን ሆኖ ይጫወታል። በአማርኛ አፉን የፈታ፣ ቶሮንቶ ስካርቦሮ ውስጥ አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው። እኔ ወሬውን የሰማሁት ወራት ቆይቶ፣ ዳታ ሲለቀቅ ነው።

ዘፋኝ ለሻጭ ሲዘፍን ሻጩ የሚገዛው ምኑን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ማይክል ጃክሰን በ1976 ዓ.ም ለፔፕሲ ማስታወቂያ የገዛ ዘፈኑን የ"ቢሊ ጂን"ን ዜማ ይዞ ግጥሙን ለለስላሳው ቀየረው። በ1982 ዓ.ም ደግሞ የጃፓኑ ሴጋ "ሙንዎከር" በሚል ጌም ራሱን ማይክልን ገጸ ባህሪ አደረገው፤ እየደነሰ የታፈኑ ልጆችን ያስለቅቃል። (አቤል የተወለደው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው።) ጌምና ዘፋኝ ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም፣ ሰው ሁሉ በኮሮና ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ትራቪስ ስኮት ፎርትናይት ውስጥ ኮንሰርት ሲያቀርብ 12.3 ሚሊዮን ተጫዋች በአንድ ጊዜ ገብቶ እንደነበር የጌሙ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ አስታውቋል። የትኛው ስታዲየም ይህን ሕዝብ ይይዛል?

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የኬናን ነው። ሞቃዲሾ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከጦርነቱ ሸሽቶ ካናዳ ያደገ ሶማሌ ነው። "ዌቪን ፍላግ"ን በ2001 ዓ.ም ያወጣው ስለ ጦርነት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ስደተኛ ነበር። ኮካ ኮላ ለ2002ቱ የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ ሲመርጠው ጦርነቱና ስደቱ ወጥተው ፈንጠዝያ ገባ። በየአገሩም የአገሩ ዘፋኝ እየተጨመረበት ተዘፈነ፤ ለዓረቡ ናንሲ አጅራም፣ ለስፔኑ ዴቪድ ቢስባል። እኛም አዲሱን ዜማ ይዘን በየካፌው ጨፈርን። ኬናን በ2005 ዓ.ም ኒውዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ ለአሜሪካ ሬዲዮ እንዲመች ግጥሙን እንዲያለሳልስ የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎች እንዴት እንዳግባቡትና እሱም እንዴት ራሱን ሳንሱር እንዳደረገ ተናዟል። ማንም አላስገደደውም፤ ጨዋ ሰዎች በጨዋ ቋንቋ ነው ያነጋገሩት።

ከአራት ዓመት በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። ለ2006ቱ የብራዚል ዋንጫ ኮካ ኮላ ያንኑ ዘዴ ደገመ፤ ለኢትዮጵያ የተመረጠው ቴዲ አፍሮ ነበር። ለኮክ ስቱዲዮ ናይሮቢ ሄዶ ቀዳ። ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል ሲባል ሳይለቀቅ ቀረ። የዘፋኙ ወገን ምክንያቱ ይነገረን ብሎ መግለጫ አወጣ። የኩባንያው መልስ አጭር ነበር፦ ውሉ ማንዳላ ከተባለው ፕሮዳክሽን ጋር ነው፣ ክፍያው ተጠናቋል፣ ቅጂውም የማንዳላ ንብረት ነው።

"ክፍያው ተጠናቋል" የምትለዋን ያዙልኝ። ሰውየው የጠየቀው ገንዘቡን ሳይሆን ዘፈኑን ነበር።

በዚያው በ2006 ዓ.ም፣ ከዋንጫው ወራት ቀደም ብሎ፣ ሄኒከን የገዛው በደሌ ቢራ የቴዲን "ወደ ፍቅር ጉዞ" ኮንሰርቶች ስፖንሰር አድርጎ ነበር። አንድ መጽሔት ስለ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው ብሎ ያወጣው ቃል ብዙ የኦሮሞ ወጣቶችን አስቆጣ፤ እሱ አላልኩም አለ። ቢራው አይጠጣ የሚል ዘመቻ ተነሳ፣ በደሌም ከስፖንሰርነቱ ወጣ። ስለ ታሪኩ የሁለቱም ወገን ስሜት እውነተኛ ነበር፤ ኩባንያው ግን አድዋንም ሆነ አኖሌን ለመዳኘት አልመጣም። ቢራ ሊሸጥ ነው የመጣው፤ ሽያጩን የሚያውክ ነገር ሲያይ ሄደ። እኛ ግን እስከ ዛሬ ያኔ በተናገርነው እንተያያለን።

አዝማሪም ቢሆን ለከፈለው ነው የሚዘፍነው፤ አንሸፋፍነው። ጌታውን ያወድሳል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ነገር ግን ቃሉ አንዴ ከአፉ ከወጣ የጌታው አይደለም። ወርቁን በሰሙ ሸፍኖ ጌታውን ራሱን ይሸነቁጠዋል፣ ታዳሚው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሳፍንቱ አዝማሪ አባረዋል፣ ገርፈዋል፤ የተዘፈነን ዘፈን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ግን አልቻሉም። ያንን የቻለው ውልና ስቱዲዮ ነው።

ጌሙ ደግሞ አንድ እርምጃ አልፏል። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይገባዋል። በእኛ አገር ጌታ በፈረሱ ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ፈረሱ ሲወደስ ጌታው ይወደሳል። ፎርትናይት ላይ ፈረሱ ዘፋኙ ነው፤ ከፍሎ የጋለበው ልጅ ወዳሻው ያስሮጠዋል፣ ያስጨፍረዋል። አቤል ተታለለ ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የኢስፖርት ቡድኖች ባለቤት በሆነው የካናዳው ኦቨርአክቲቭ ሚዲያ ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ፣ ገበያውን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተጎጂዎች አንድ ሚሊዮን ዶላር መስጠቱንም አልረሳሁም። ኬናንና ቴዲ ያልነበራቸው የመደራደር አቅም አለው።

ዳታው ከተለቀቀ በኋላ ወደዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት ተመልሼ የአቤልን የጌም ምስል ከስልኬ ላይ ለአንዱ ልጅ አሳየሁት። ብዙ አየውና "አማርኛ ይችላል?" አለኝ።

"ይችላል" አልኩት።

"እዚህ ውስጥም ያወራል?"

አያወራም አልኩት። ስልኬን መለሰልኝና ወደ ተራው ሄደ።